ተቆጣጣሪ ቲ ሴልን በዳቦ ቆሎ ማስተማር

ጎንደር፣ አዘዞ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ነጭ የደም ሴል ሲባል የሚታያቸው ወታደር ብቻ ነው። ስለዚህ ከጥያቄ ጀምሩ፦ ወታደሩ የገዛ ቤቱን መምታት ሲጀምር «ተው!» የሚለው ማን ነው? መልሱ ተቆጣጣሪ ቲ ሴል ነው፤ ቲ ሴሎች የነጭ የደም ሴል ዓይነት ናቸው።

ከዚያ ዳቦ ቆሎ ያዙ። አምስት ልጆች አስነሡ፤ አራቱ ተዋጊ ቲ ሴሎች፣ አንዷ ተቆጣጣሪ። ዳቦ ቆሎው ኢንተርሊውኪን-2 የተባለ የመልእክት ፕሮቲን ነው፤ ተዋጊዎቹ ለመባዛት የሚሹት ስንቅ። ለተቆጣጣሪዋ ሰፊ ሳህን፣ ለሌሎቹ የሻይ ማንኪያ ስጡ። ሳህኑ በላይዋ በብዛት ያለው ሲዲ25 የተባለ ተቀባይ ነው። አንድ ላይ ይዝገኑ። ተዋጊዎቹ ባዶ ማንኪያ ይዘው ሲቀሩ ክፍሉ ራሱ ይገባዋል። እዚህ አትቸኩሉ።

ሌላው በአጭሩ ይበቃል፦ ተቆጣጣሪዋ ሲቲኤልኤ-4 በተባለ ፕሮቲኗ ከአንቲጂን አቅራቢ ሴሎች (የባዕድ አካል ቁራጭ ለቲ ሴሎች ከሚያሳዩት) ላይ ማነቃቂያ ሞለኪውሎችን ትነጥቃለች፤ መከላከያውን የሚያረጋጋ ኢንተርሊውኪን-10ም ታመነጫለች።

«ሽማግሌ ናት» ብሎ ማስረዳት ያምራል፤ እኔም እል ነበር። ግን ሽማግሌ በምክር ያስታርቃል እንጂ ስንቅ አይቀማም። ትቼዋለሁ።

ተቆጣጣሪዎቹ ሥራቸውን እንዲሠሩ የሚያስፈልጋቸውን ፎክስፒ3 የተባለውን ጂን አትዝለሉ። ሲበላሽ አይፔክስ የሚባል ከባድ በሽታ ያመጣል፤ በተለይ በወንድ ሕፃናት ላይ አንጀት፣ ቆዳና ቆሽት በገዛ መከላከያቸው ይጠቃሉ። ጃፓናዊው ተመራማሪ ሳካጉቺ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎችን በ1995 እ.ኤ.አ. ለይቶ አሳየ፤ በ2025 ከተመራማሪዎቹ ከብሩንኮውና ከራምስዴል ጋር ኖቤል ተሸለመ።

አንዲት ተማሪዬ «ካንሰር ውስጥ ቢገቡስ?» አለችኝ። ይገባሉ፤ ዕጢውን ከመከላከያው ይሸሽጉታል። ቀጣዩን ክፍለ ጊዜ ከዚህ ጀምሩ።