የተቀላቀሉ የበረንዳ ዕቃዎች፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሔው

በአዲስ አበባ በብዙ ቤቶች በረንዳ ላይ የሚታየው ዕቃ በአንድ ቀን የተገዛ አይደለም። ከሳሎን የወጣ የዋንዛ ጠረጴዛ፣ ብየዳ ቤት የተሠሩ የብረት ወንበሮች፣ ከመንገድ ዳር የተገዛ የቀርከሃ ሶፋ፣ ለድግስ ተገዝተው የቀሩ የፕላስቲክ ወንበሮችና ከዘመድ የተበረከተ የጅማ በርጩማ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ይህ ድብልቅ በራሱ ጉድለት አይደለም፤ እኔ እንዲያውም አንድ ዓይነት ከሆነ ሙሉ ስብስብ አብልጬ እወደዋለሁ። አልጣጣም ሲል ግን ብዙዎቻችን የምንወቅሰው የዕቃዎቹን ዓይነት ሲሆን፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በከፍታቸው፣ በቀለማቸው ወይም በተቀመጡበት ቦታ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ይዞ ወደ ገበያ ከመውጣት በፊት ሜትር ይዞ ወደ በረንዳው መውጣት ይቀድማል።

እንግዳው አይመቸውም፤ ጉልበቱ ከጠረጴዛው ጋር ይጋጫል ወይም ትከሻው ይሰቀላል

መንስኤው ለአንድ አገልግሎት የተሠራ ወንበር ለሌላ አገልግሎት ከተሠራ ጠረጴዛ ጋር መጣመሩ ነው። የምግብ ጠረጴዛ ከፍታ ብዙውን ጊዜ ከ72 እስከ 76 ሳንቲ ሜትር፣ የምግብ ወንበር መቀመጫ ደግሞ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለመብላት የሚመቸው ጠረጴዛው ከመቀመጫው ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሲበልጥ ነው። የቀርከሃ ሶፋ ከዚህ ዝቅ ይላል፤ ስፖንጁም ሰው ሲቀመጥበት ይሰምጣል፤ በመሆኑም ልኬቱ ሰው ተቀምጦበት እያለ መወሰድ አለበት።

መጀመሪያ የሚሞከረው እግሩን በመጋዝ መቁረጥ አይደለም፤ ጠንከር ያለ ስፖንጅ መጨመር ነው። ያ ካልበቃ የእንጨት ጠረጴዛ እግር በአናጺ ሊያጥር ይችላል። የብረት ቱቦ እግር ከተቆረጠ ጫፉ በጎማ ወይም በብየዳ መደፈን አለበት፤ አለበለዚያ ውስጡ ውኃ ይቋጥራል። የቀርከሃ እግር የሚቆረጠው ከአንጓው ሥር ተጠግቶ ነው፤ ከዚያ ውጭ ከተቆረጠ ባዶው ቱቦ ክፍት ይቀራልና እርጥበት ይገባዋል፣ ይሰነጠቃልም። ከሁሉ የሚቀለው መፍትሔ ግን ዝቅ ያለውን ከዝቅተኛው፣ ከፍ ያለውን ከከፍተኛው ጋር መመደብ ነው። የጅማ በርጩማ ከምግብ ጠረጴዛ ሥር ሲሆን የተጣለ ይመስላል፤ ከረከቦቱና ዝቅ ካለው ሶፋ አጠገብ ሲቀመጥ ግን ቦታውን ያገኛል፤ ቡና የምታፈላውም በምቾት ትቀመጥበታለች።

በረንዳው የዕቃ ማከማቻ ይመስላል

እዚህ ላይ መንስኤው የዓይነት መብዛት ሳይሆን የሚደጋገም ነገር አለመኖሩ ነው። ዓይን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። አንድ ቀለም ወይም አንድ ጨርቅ ቢያንስ ሦስት ቦታ ላይ እንዲታይ ማድረግ በቂ ነው፦ የሶፋው ትራስ፣ የብረት ወንበሮቹ መቀመጫና የፕላስቲኮቹ ልባስ ከአንድ ጣቃ ቢሰፉ ልዩነታቸው ወዲያው ይለዝባል። የብረት ወንበሮቹን ሁሉ አንድ ጠቆር ያለ ቀለም መቀባት፣ እንጨቱንና ቀርከሃውን ደግሞ በተፈጥሮ መልካቸው መተው ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ቀለም ሲመረጥ የወለሉ ሴራሚክና የግድግዳው ቀለም አብረው መታየት አለባቸው፤ እነርሱን መቀየር ከዕቃዎቹ ይልቅ ከባድ ነውና። በርጩማውን ግን እባካችሁ አትቀቡት፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ስለሆነ ውበቱ ያለው በእንጨቱ ላይ ነው።

እንጨቱ ላይ ጥቁር፣ ወለሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይታያል

ብረትና እንጨት ሲነካኩና ዝናብ ሲያገኛቸው በእንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን የተባለ የተፈጥሮ ንጥረ ነገር ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ጥቁር ምልክት ይፈጥራል። ምልክቱ ቆሻሻ ስላልሆነ በሳሙና አይለቅም። በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ፍቆ ቫርኒሽ መቀባት፣ የዛገውን ቡሎን በማይዝግ መተካትና ሁለቱ በሚነካኩበት ቦታ ጎማ ማስገባት ይገባል። ወለሉ ላይ ያለው ቡናማ ምልክት የብረቱ ዝገት ነው፤ እግሩ ተፍቆ መጀመሪያ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም)፣ ከደረቀ በኋላ ቀለም ይቀባል።

ክረምቱ ሲወጣ ብረቱ ደህና ነው፣ ቀርከሃው ግን ሻግቷል

መንስኤው ለሁሉም እኩል ቦታ መስጠት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ በረንዳው ጠርዝ ድረስ ስለሚረጭ፣ ጠርዙ የቀለም ሽፋኑ ላልተላጠ ብረትና ለፕላስቲክ፣ የግድግዳው ጥግ ደግሞ ለቀርከሃና ለእንጨት መተው አለበት። ሶፋውን በላስቲክ ጠቅልሎ ማሰር ጉዳቱን ያባብሰዋል፤ እርጥበቱ ውስጡ ይታፈናልና ከሥር አየር የሚያስገባ ክፍተት ያስፈልጋል። ከቀርከሃው ሥር ደቃቅ ዱቄት ከታየ ግን ጉዳዩ ዝናብ አይደለም። ነቀዝ ገብቷል፤ ይህ ነፍሳት ስታርች ያለበትን እንጨትም ስለሚበላ ዕቃው ሳይውል ሳያድር ከሌሎቹ መለየት አለበት።

ወንበሩ ይንገዳገዳል

ግቢው ኮብልስቶን ከሆነ ባለ አራት እግሩ ወንበር ጥፋት የለበትም፤ እርሱን ወደ ለስላሳው ወለል ወስዶ ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ድንጋዩ ላይ ማውጣት ነው፤ ሦስት እግር ባልተስተካከለ መሬት ላይም ሁልጊዜ ይቆማል።

የፕላስቲክ ወንበሮቹ ከሌሎቹ ጋር ሲታዩ የገረጡ ናቸው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የፀሐይ ጨረር ይበረታል፤ ፕላስቲኩ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ጥንካሬውንም ያጣል። እጅ ላይ ነጭ ብናኝ የሚተው ወንበር በጨርቅ ልባስ ከሌሎቹ ጋር ሊመሳሰል ይችላል፤ እግሩ ላይ ስንጥቅ የታየበት ግን ከልባስ ሥር ተደብቆ ለእንግዳ፣ ይልቁንም ለአረጋዊ፣ መቅረብ የለበትም።