እሑድ ቅዳሴ፣ ሰኞ ገበያ፦ እምነትንና ኑሮን እንዴት አንድ እናድርግ?

የደሴ ገበያ ሰኞ ነው። እሑድ ያስቀደሰ ሰው በማግስቱ ሚዛን ይዞ ሰኞ ገበያ ይቀመጣል። እኔም ከእነሱ አንዷ ነኝ፤ ምስርና በርበሬ እሸጣለሁ። ሁለት ሚዛን ነበረኝ። በአንዱ ከባላገር እገዛለሁ፣ በሌላው ለከተማ ሰው እሸጣለሁ። የመሸጫው መርፌ ምንም ሳይጫንበት ከዜሮ ትንሽ አለፍ ብሎ ይቆም ነበር። እኔ አላበላሸሁትም፤ ሲበላሽ ግን ዝም አልኩ። 50 ግራም ብትሆን ነው። 50 ግራም በኪሎ፣ በኩንታል 5 ኪሎ ይሆናል፤ ይህን ሒሳብ በደንብ አውቀዋለሁ፣ ምክንያቱም የመግዣው ሚዛን እንደዚሁ ያለፈ ጊዜ፣ በእኔ ላይ የሚጎድለውን 5 ኪሎ ቆጥሬ በዚያው ሳምንት አሠርቼዋለሁ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ማኅበር አለኝ። መስከረም 21 ግሸን እወጣለሁ። አንድም ቀን ግብዝ ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ስብከት ላይ ስለ ግብዝ ሲነገር እንኳ ዓይኔ ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር።

የነቃሁት በአንዲት ቃል ነው። ማቴዎስ 23 ላይ ጌታ ጻፎችንና ፈሪሳውያንን «ግብዞች» ያላቸውን የግዕዙ ወንጌል «መድልዋን» ይለዋል። ማዳላት፣ አድልዎ ከምንለው ጋር አንድ ሥር ነው። ሚዛን ራሱ በግዕዝ «መዳልው» ነው። በግሪኩ ቃሉ የመድረክ ተዋናይን ይጠሩበት የነበረ ነው ይባላል፤ እሱም ልክ ነው፣ የሰው ፊት ለብሶ መታየት ግብዝነት ውስጥም አለ። እኔን ግን የግዕዙ ያዘኝ። በሚዛን ሻጭ ነኛ! ምሳሌ 20 ላይ ሁለት ዓይነት ሚዛንና ሁለት ዓይነት መስፈሪያ በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ እንደሆነ ተጽፏል፤ እኔ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ሱቅ አስቀምጬ በላያቸው የእመቤታችንን ሥዕል ሰቅያለሁ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን እንለይ። ግብዝነት መውደቅ አይደለም። ወድቆ «ወደቅሁ» የሚል ሰው ግብዝ አይባልም፤ ሉቃስ 18 ላይ ያ ቀራጭ ዓይኑን ቀና ማድረግ አቅቶት ደረቱን እየደቃ ጸድቆ ነው ወደ ቤቱ የተመለሰው። ግብዝነት ለራስ አንድ፣ ለሰው ሌላ ሚዛን መያዝ ነው። ይህን የምለው ብዙ ወጣቶች «ግብዝ ከምሆን ብቀር ይሻለኛል» እያሉ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስለሚተዉ ነው። ልጆቼ፣ አትቅሩ። ሚዛን ሲበላሽ ይሠራል እንጂ ሱቅ አይዘጋም።

እንዴት ይጀመራል? የተዛባውን ቦታ በማግኘት። «ኃጢአቴን ልጻፍ» ብላችሁ አትቀመጡ፣ አይመጣላችሁም። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ትንንሹን ጽፌ ትልቁን ዘለልኩት። ይልቅ ለአንድ ሳምንት የተናደዳችሁበትን ብቻ ጻፉ። የባጃጁ ልጅ መልስ አስቀረብኝ። አከራዬ ሳይነግረኝ ኪራይ ጨመረ። እገሊት በሌለሁበት አማችኝ። አለቃዬ ሰው ፊት አዋረደኝ። ሁሉንም ጻፉ፣ ሰው በሌላው ላይ ሲፈርድ ሚዛኑ ልክ ነው፣ አይሳሳትም። ሳምንቱ ሲያልቅ ደብተሩን ክፈቱና እያንዳንዷን መስመር ወደ ራሳችሁ አዙሯት። መልስ ያስቀረሁበት ሰው አለ? በሌለችበት ያማኋት? ሰው ፊት ያዋረድኩት? የእኔ ደብተር ላይ ሰባት መስመር ነበር፤ አምስቱን እኔም አድርጌዋለሁ።

ያንን ይዛችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። «በማወቅም ባለማወቅም» ብላችሁ በጅምላ አትለፉት። በጅምላ የተነገረ በጅምላ ይረሳል። ስሙን፣ መጠኑን፣ የማን እንደሆነ ተናገሩ። እኔ ስናዘዝ ስግደት ያዙኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አባቴ ግን ጨርሼ ዝም ስል «ሚዛኑ አሁን የት ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ሱቅ ነው አባ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እሱን አሠሪና ተመለሽ።»

ሚዛን ማሠራት ቀላል ነው። ከባዱ የተወሰደውን መመለስ ነው። ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፣ እኛ ግን «ይቅር በለኝ» ብለን ገንዘቡን ይዘን መቅረት ለምደናል። ከእኔ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሙስሊም አባት አሉ። ዓመታት ሙሉ ምስር ከእኔ ነው የሚገዙት። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ፣ ሦስተኛው ቀን 3 ኪሎ ምስር ቋጥሬ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ሚዛኔ ያጎድልብዎ ነበር» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ቤት መዝነነዋል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ጎረቤት በ50 ግራም ይጣላል እንዴ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወሎ ውስጥ ስንኖር ይህን እንረሳዋለን፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የጾማችንን መያዣና መፍቻ ከእኛ እኩል ያውቁታል። ሠርግ ስንደግስ ለእነሱ ለብቻ ይታረዳል፣ እነሱም ሲደግሱ ለእኛ እንደዚያው። ለቅሶው የጋራ ነው። ስብከታችንን ቆመው አይሰሙም፣ ሚዛናችንን ግን ቤታቸው ወስደው ይመዝኑታል። ጋሼ ስለ ክርስቶስ የሚያውቁት ከእኔ ምስር ጋር ተመዝኖ ከሆነ፣ ስንት ግራም ነው ያጎደልኩባቸው?

ለመመለስ ስትሄዱ ንግግሩን አሳጥሩት። ምክንያት አትደርድሩ፣ «ኑሮ ከብዶኝ» አትበሉ፣ የእነሱም ኑሮ ከብዷል። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ወዲያው ይቅር እንዲሏችሁ አታስጨንቋቸው። እንደመለሳችሁም ለማንም አታውሩ፤ እኔ እንኳ ይህን የምጽፈው ሱቄንም ስሜንም ማንም በማያውቅበት ነው። ሰዎቹን የማታውቋቸው ከሆነ የጎደለውን ገምታችሁ ለድሃ ስጡ። ስትሸጡም ምርቃቱን ጨመር አድርጉ። እኔ በዚህ መንገድ አሁንም እየከፈልኩ ነው።

ሌላው የሚዛን ቦታ ቤት ውስጥ ነው። የቤት ሠራተኛችን። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንወድቃለን። ኢሳይያስ 58 ላይ እግዚአብሔር ጾማችሁን ያልተቀበልኩት በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ስለምታስጨንቁ ነው ይላል። ያዕቆብ 5 ደግሞ የተቀማ ደመወዝ ይጮኻል ይላል። 55 ቀን ዐቢይ ጾም እንጾማለን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምንቆይም አለን፤ ልጅቷ ግን ለልጆቹ የፍስክ፣ ለእኛ የጾም፣ ለእንግዳ ሌላ ስትሠራ ትውላለች፣ ወጡ ትንሽ ሲያር የምንናገራት ንግግር ቅቤ ከመብላት ይከፋል። ዛሬውኑ እነዚህን ጠይቋት፦ የት ነው የምትተኚው፣ ይመችሻል? እሑድ ቅዳሴ መሄድ ትፈልጊያለሽ? ሙስሊም ከሆነች ሶላቷን በሰዓቱ ለመስገድ ትችላለች ወይ? ረመዳን ላይ ማፍጠሪያዋስ? ደመወዟን ደግሞ ቀን ቁረጡለት፤ ቀኑ ሲደርስ ሳትጠይቅ ስጧት። መጠየቅ ራሱ ያሳፍራታል።

ጾም የሚያስቆጣችሁ ከሆነ ደብቃችሁ አትሸከሙት፣ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ሰዓቱን ሊያሳጥሩላችሁ ይችላሉ። እስከ ስድስት ሰዓት ጾሞ ሰው የማይሰብር፣ እስከ ማታ ጾሞ ቤቱን ከሚያስለቅስ ይሻላል፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው።

ምላስ ላይ ብዙ አልልም፣ ሁላችንም እናውቀዋለንና። አቦሉ ሲጠጣ ስለ ኑሮ እናወራለን፣ ቶናው ላይ የሰው ስም ይነሳል፣ በረካው ሲደርስ ያ ሰው አልቋል። ቆጣ ብላችሁ አትስበኩ፣ ቡናውን ታበላሹታላችሁ። እኔ የጠቀመኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ለእሷስ ነግረሻታል?» ለስለስ አድርጎ። አልነገርኳትም ካለች «እንግዲያው ነገ አብረን እንሂድ» ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ካላችሁት ሦስተኛ አይነሳም።

ከተጣላችሁት ሰው ጋርስ? ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ፣ ሲል ግራና ቀኝ እጅ እንነሳለን አይደል? እኔ ከአንዲት ዘመዴ ጋር በውርስ ተጣልቼ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን የምቆምበትን ቦታ የምመርጠው እሷ ከቆመችበት አርቄ ነበር። ሰላምታው እንዳይደርሳት። ማቴዎስ 5 ግን መባህን ትተህ መጀመሪያ ታረቅ ነው የሚለው። እንዲህ አድርጉ፦ ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ ሽማግሌ ላኩ፣ ብዙ ሰው ከተላከ ክስ ይመስላል። እልሁ ትኩስ ሳለ አትላኩ፤ ከበዓል በፊት ባለው ሳምንት የሰው ልብ ይለሰልሳል። ሽማግሌው መጀመሪያ የእናንተን ጥፋት ይናገር። የእሷን እሷ ትናገር። እንቢ ካለች ሌላ ጊዜ ድጋሚ ላኩ፣ እስከዚያው ግን እሑድ ከጎኗ ቁሙ። የእኔዋ የታረቀችኝ በሽማግሌ አይደለም፣ አጠገቧ ቆሜ ሰላም ስላት ነው፤ ደነገጠች፣ ከዚያ አለቀሰች።

ለሹፌሮች አንድ ነገር ልበል። መስከረም 21 ሲደርስ ስንቱ አሮጊት ሳንቲም አጠራቅማ ግሸን ልትሳለም ትነሳለች። መስታወቱ ላይ የእመቤታችንን ሥዕል ለጥፎ፣ መዝሙር ከፍቶ፣ ታሪፉን እጥፍ የሚጠይቅ አለ። ወንድሜ፣ እነዚያ ተሳላሚዎች የእመቤታችን እንግዶች ናቸው። በታሪፉ ጫን። ያ ቀን ያንተ ስለት ይሁን።

ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ጥቅስ ለምንለጥፍም እንደዚሁ፦ ጥቅሱን መጀመሪያ አንድ ሳምንት ኑሩበት፣ ከዚያ ለጥፉት። እኔ እንዲህ ካልኩ ወዲህ ብዙ አልለጠፍኩም።

የሌላውን ግብዝነት ስናይስ? በተለይ የአገልጋይ ከሆነ ያማል፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እስከ መውጣት ይደርሳል። ማቴዎስ 18 ሂድና ብቻውን ሳለ ንገረው ይላል። ብቻውን። ስልክ አውጥቶ መቅረጽ አልተባለም። ገንዘብ ከጠፋ ወይም ሰው ከተጎዳ ግን ዝም ማለት ደግነት አይደለም፤ ሁለት ሦስት ምስክር ይዛችሁ ለሰበካ ጉባኤው ንገሩ፣ ሕፃን ከተጎዳ ወይም ወንጀል ከሆነ ደግሞ ለሕግ። «ቤተ ክርስቲያን ትሰደባለች» ብሎ በደልን መሸፈን ራሱ አድልዎ ነው፣ የጎረቤት ልጅ ቢሆን ኖሮ አንሸፍነውም ነበር።

አሁን ሰኞ ጠዋት፣ ጆንያውን ከመፍታቴ በፊት፣ አንድ ኪሎ የታሸገ ስኳር ሚዛኑ ላይ አስቀምጣለሁ። መርፌው አንድ ኪሎ ላይ ካልቆመ አልሸጥም። የመግዣውን ሚዛን አስወግጄዋለሁ፣ ስገዛም ስሸጥም በአንዱ ነው።

ባለፈው ሰኞ ጋሼ ጨርቃቸውን ዘርግተው ሲጨርሱ መጡና ጎንበስ ብለው መርፌውን አዩት። ግማሽ ኪሎ ምስር አሉኝ። መዘንኩ፣ እንደ ልማዴ በእፍኜ ልመርቅላቸው ስል እጄን ያዝ አደረጉት።

«ይበቃል» አሉኝ፣ «ልኩን አድርጊው።»