ስለ «ኦኬ» ምንጭና ትርጉም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከእንግሊዝኛ ወጥተው በዓለም ላይ ከተሠራጩት ቃላት መካከል «ኦኬ»ን የሚስተካከል ጥቂት ነው፤ በአማርኛችንም «ኦኬ፣ ነገ እንገናኝ» ማለት ከለመድን ቆይተናል። ቃሉ እንዲህ የተለመደ በመሆኑ ግን ምንጩን የሚመረምር፣ አገባቡንም የሚያጤን ሰው እምብዛም አይገኝም። ለሚያስተምር፣ ለሚተረጉም ወይም ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጋር ለሚሠራ ሰው ደግሞ ስህተቶቹን ለይቶ ማወቅ በእጅጉ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ስህተት ታሪኩ ደስ ስላለ ብቻ እውነት ነው ብሎ መቀበል ነው። በሰፊው ከሚወራው አንዱ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ወታደሮች ከውጊያ ሲመለሱ አንድም ሰው እንዳልሞተባቸው ለማሳወቅ ዜሮንና «ኪልድ» (ተገደለ) የሚለውን ቃል የመጀመሪያ ፊደል ይጽፉ ነበር የሚለው ነው። ይህን ውድቅ ለማድረግ ዓመቱን ማመሳከር ይበቃል፤ ጦርነቱ የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1861 ሲሆን፣ ቃሉ ግን ማርች 23 ቀን 1839 በወጣው «ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት» ጋዜጣ ላይ ታትሞ፣ «ሁሉም ትክክል ነው» የሚል ፍቺም ተሰጥቶት ይገኛል። በዚያን ዘመን የቦስተን ጋዜጠኞች የታወቁ ሐረጎችን ሆን ብለው አጻጻፋቸውን እያዛቡ፣ የተዛባውን የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ በመጻፍ ይቀልዱ ነበር። «ኦል ኮሬክት» በትክክለኛው አጻጻፍ በ«ኤ» እና በ«ሲ» ይጀምራል፤ እነርሱ ግን ጆሮ የሚሰማውን ተከትለው በ«ኦ» እና በ«ኬ» ጻፉት። «ኦል ራይት» የሚለውም በዚሁ መንገድ በ«ኦ» እና በ«ደብልዩ» ይጻፍ ነበር፤ ያኛው ከፋሽኑ ጋር አብሮ ጠፋ።

«ኦኬ» ያልጠፋበት ምክንያት ሁለተኛውን ስህተት ወልዷል። በ1840 ለድጋሚ ምርጫ የቀረቡት ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን የኒው ዮርኳ የኪንደርሁክ ተወላጅ ስለነበሩ ደጋፊዎቻቸው «ኦልድ ኪንደርሁክ» እያሉ ይጠሯቸው፣ በኒው ዮርክም «ኦኬ ክለብ» የሚባል ማኅበር አቋቁመው ይቀሰቅሱላቸው ነበር። ተቃዋሚዎቻቸው በበኩላቸው ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ፊደል ስለማያውቁ ሰነድ የሚያጸድቁት በእነዚህ ሁለት ፊደላት ነበር የሚል ወሬ ነዙ። ቫን ቡረን ተሸነፉ፤ ቃሉ ግን ከምርጫው በኋላ አገሩን ሁሉ አዳርሶ ነበር። ስለዚህ ቃሉ ከቫን ቡረን ቅጽል ስም ወይም ከጃክሰን ፊርማ ተገኘ የሚል ሰው፣ ቃሉን ያስፋፋውን ነገር ካስገኘው ነገር ጋር ያምታታል። ይህን ሁሉ ጋዜጣ በጋዜጣ እየመረመሩ ያረጋገጡት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አለን ዎከር ሪድ ሲሆኑ፣ ውጤታቸውን ያሳተሙት በ1963 እና በ1964 ነው።

ከሪድ በፊት የነበረውን ግምት ዛሬም እንደ እውነት መድገም ሌላው ስህተት ነው። ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ቃሉ «እንዲህ ነው» የሚል ትርጉም ካለው፣ ከአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች አንዱ የሆነው የቾክታው ሕዝብ ቃል መጣ ብለው ያምኑ ስለነበር አጻጻፉን እንኳ ለውጠው ይጠቀሙበት ነበር። ከምዕራብ አፍሪካው ወሎፍ ቋንቋ በባርነት በተጋዙ ሰዎች አፍ ተሻገረ የሚል አስተያየትም አለ። ለዚህኛው ቀጥተኛ የጽሑፍ ማስረጃ አልቀረበም፤ ይሁን እንጂ የባሪያዎችን ንግግር የሚመዘግብ ሰው እጅግ ጥቂት እንደነበር እያስታወስን አስተያየቱን በአክብሮት ማየት ይገባናል እላለሁ።

በእንግሊዝኛ በሁለት ፊደል (OK) የሚጻፈው «ኦኬ» በአራት ፊደል ከሚጻፈው (okay) አጥሮ የተገኘ ነው ብሎ ማሰብም ነገሩን መገልበጥ ነው፤ የሁለቱ ፊደላት ስም እንደሚነበበው ሲጻፍ የተገኘው አራት ፊደል ያለው ዘግይቶ የመጣ ነው። አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን አጋጥሞ ክብ የሚሠራውን የእጅ ምልክት በየአገሩ ማሳየትም አይገባም፤ በብራዚል ከባድ ስድብ ነው።

በትርጉም በኩል ጎልቶ የሚታየው ስህተት «ኦኬ»ን ሁልጊዜ «ጥሩ» ብሎ መመለስ ነው። አንድ አለቃ ስለ ሠራተኛው ሥራ ሲጠየቅ «ኦኬ ነው» ካለ አላመሰገነውም፤ የአማርኛው ትክክለኛ አቻ «ምንም አይልም» ነው። በስብሰባ ላይ የሚሰማው «ኦኬ»ም ብዙ ጊዜ «ሰምቻለሁ፣ ቀጥል» ከማለት አያልፍምና ወዲያውኑ እንደ ስምምነት መያዝ የለበትም። ግሥ ሲሆን ግን ይጠነክራል፤ አለቃው ወጪውን «ኦኬ አደረገው» ከተባለ አጽድቆታል ማለት ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ሰውን ከሰው የሚያጋጨው ግን «አይ አም ኦኬ» ነው። ቃል በቃል ሲታይ «ደህና ነኝ» ማለት ቢሆንም፣ ቡና ወይም ምግብ ለቀረበለት ሰው ትርጉሙ «ይቅርብኝ፣ አመሰግናለሁ» ነው። በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ አስተናጋጅ ይህን መልስ እንደ እሺታ ወስዶ ቢቀዳ፣ ወይም በእኛ ወግ «ኧረ በሞቴ!» እያለ ደጋግሞ ቢለምን፣ እንግዳው ፈቃዱ እንዳልተከበረለት ሊሰማው ይችላል። ነገሩ በተቃራኒውም ይደርሳል፤ የአገሩን ጨዋነት ይዞ በሥራ ባልደረባው ቤት የተቀመጠ ሰው፣ ሁለተኛና ሦስተኛ እንደሚለመን በመተማመን መጀመሪያ «አይ አም ኦኬ» ካለ፣ ማዕዱ ያለ እርሱ ይቀጥላል፤ ጋባዡም ንፉግ ስለሆነ አይደለም፣ የተነገረውን አምኖ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ «የስ፣ ፕሊስ» ቢል፣ የማይፈልግም «ኖ፣ ታንክ ዩ» ብሎ በግልጽ ቢመልስ ይሻላል።