የኮሚዩኒቲ ኮሌጃችሁን ባለውለታ ለማክበር ካሰባችሁ

ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ያለ አበሻ ቡና ላይ ሲሰበሰብ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ወይም ሜሪላንድ ያለው ሞንጎመሪ ኮሌጅ ሳይነሳ አይቀርም፤ ሁለቱም የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጆች ናቸው። ብዙ ሰው አሜሪካ ከገባ በኋላ መጀመሪያ ክፍል የገባው እዚያ ነው። ቀን ፓርኪንግ እየሠራ ማታ ኢኤስኤል (እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ)፣ ከዚያ ሒሳብ፣ ከዚያ ነርሲንግ ወይም አካውንቲንግ። ወሬው ሞቅ ሲል ደግሞ የሆነ ስም ይነሳል። «እሷ ባትኖር አቋርጬው ነበር» የምትባል አስተማሪ፣ ወይ አድቫይዘር፣ ወይ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሠራተኛ።

ከዚያ አንዱ «ለምን አናከብራትም?» ይላል። ሁሉም ይስማማል። የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል። በነጋታው ግሩፑ ውስጥ የሚወራው ስለ አዳራሽ ኪራይና ስለ ክትፎ ነው።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ድግሱ የትም አይሄድም። ሴትዮዋ ሃያ ዓመት ለፍታ የተከለችው ነገር ካለ፣ ክብሩም ያንን ነገር የሚያስቀጥል ቢሆን ነው የሚያምረው። በአንድ ማታ ተበልቶ፣ ተጨብጭቦ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚያልቅ ከሆነ ብዙ ተደክሞ ትንሽ ተሠራ ማለት ነው። እንዴት እንደሚጀመር ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ምን እንደሠራች ጻፉ

ማንን እንደምታከብሩ ታውቃላችሁ። ለምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ጻፉ ስትባሉ ግን ብዕሩ ይከብዳል። «ደግ ነበረች»፣ «እንደ እናታችን ነበረች» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ኮሌጁ ግን በዚህ ብቻ የሚያደርገው ነገር የለም። ኮሌጁን የሚያሳምነው ሰውየው ሥራውን ከለቀቀም በኋላ የቀረው ነገር ነው። ከሥራ የሚመጣው ተማሪ እንዲደርስበት የቱቶሪንግ ሰዓቱ ወደ ማታ እንዲራዘም የተሟገተችው እሷ ናት? ላብራቶሪውን ከባዶ ያደራጀው እሱ ነው? ከኢኤስኤል ወደ መደበኛው ትምህርት የሚያሸጋግር ኮርስ እንዲከፈት ደብዳቤ ሲጽፍ የኖረውስ ማን ነው? እንዲህ ያለውን ጻፉ።

ስትመርጡም ዓይናችሁን ሰፋ አድርጉ። ፕሬዚዳንቶችና ትልልቅ ለጋሾች ስማቸው ሕንጻ ላይ ይወጣል። አናንዴል በሚገኘው የኖቫ ካምፓስ ያለው የባህል ማዕከል የተሰየመው ኮሌጁን ከ1968 እስከ 1998 በመሩት በሪቻርድ ኧርንስት ነው። ይገባቸዋል፤ ሠላሳ ዓመት ቀላል አይደለም። የሚረሱት ግን በየኮርሱ ውል የሚያስተምሩት ናቸው። ብዙዎቹ የራሳቸው ቢሮ እንኳን ስለሌላቸው ተማሪውን ኮሪደር ላይ ቆመው ነው የሚያስረዱት። የላብ ቴክኒሻኑን፣ የላይብረሪ ሠራተኛዋን፣ ምዝገባ መስኮት ላይ ፎርሙን አብራችሁ የሞላችውን ሰው ማን ያስታውሳቸዋል? እኔን ብትጠይቁኝ ከእነሱ ጀምሩ እላለሁ።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚባለው ነገር ራሱ የቆመው በእንዲህ ያሉ ሰዎች ነው። በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደረው የመጀመሪያው የሁለት ዓመት ኮሌጅ ኢሊኖይ ውስጥ ጆሊየት ላይ በ1901 ሲከፈት 6 ተማሪ ነበረው። ሞንጎመሪ ኮሌጅም በ1946 ሥራ ሲጀምር የራሱ ሕንጻ አልነበረውም፤ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍሎችን ተውሶ ነው ያስተማረው።

ምስክርነት ስታሰባስቡ የቀድሞ ተማሪዎችን ዝርዝር ከኮሌጁ እናገኛለን ብላችሁ አትጠብቁ። ፌርፓ የሚባል የ1974 ሕግ አለ፤ የተማሪን መረጃ ይጠብቃል። ስለዚህ በራሳችሁ መንገድ ፈልጉ። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ፌስቡክ፣ የድሮ የክፍል ጓደኛ። ሰው ስታገኙ «ስለ እሷ የሆነ ነገር ጻፍልን» አትበሉት፣ ግጥም ይልክላችኋል። «የትኛውን ኮርስ፣ በየትኛው ዓመት ተማርክ? አንድ የማትረሳው ነገር ምን አደረገችልህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «የመጀመሪያ ድርሰቴን በቀይ እስክሪብቶ አርማ፣ ከታች ‹ነገ ከክፍል በፊት ና› ብላ ጻፈችልኝ» የሚል አንድ መስመር አሥር ውዳሴ ያስከነዳል። ዓመተ ምሕረቱንም አጣሩ። አንዳንዱ «በ1998» ብሎ በኛ አቆጣጠር ይጽፍላችኋል፣ ኮሌጁ ደግሞ በፈረንጅ አንብቦ «ያኔ እኮ ገና አልተቀጠረችም» ይላል።

ራሷን ጠይቁ

እኛ ሰርፕራይዝ እንወዳለን። እዚህ ላይ ግን አታድርጉት። አንዳንድ ሰው መድረክ ላይ መቆም ያመዋል። አንዳንዱ ከኮሌጁ ጋር ተኳርፎ የወጣ ይሆናል፣ እናንተ አታውቁም። ሌላው ደግሞ «ስሜን ተዉትና ገንዘቡን ለመጽሐፍ አድርጉት» ይላል። ስልክ ደውላችሁ፣ ወይ ቤቷ ሄዳችሁ፣ ያሰባችሁትን ንገሯት። ስሟ እንዴት እንደሚጻፍም ያኔውኑ ጠይቁ፤ ሰሌዳ ላይ ከተቀረጸ በኋላ ፊደል ማረም ሌላ ወጪ ነው።

አሁንም በሥራ ላይ ያለች ከሆነ ሌላም ነገር አለ። የሕዝብ ኮሌጅ ሠራተኛ በሚቀበለው ስጦታ ላይ ብዙ ጊዜ ገደብ አለበት። የወርቅ ሐብል አዋጥታችሁ ገዝታችሁ በሰው ፊት አንገቷ ላይ ስታጠልቁላት እናንተ ደስ ይላችኋል፣ እሷ ግን በማግስቱ ሰው ኃይል ቢሮ ሄዳ መመለስ ይኖርባት ይሆናል። አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጡረታ የወጣ ሰው ላይ ነገሩ ይቀላል። ጋቢ ወይም ካባም ቢሆን ለመጠየቅ አትፈሩ፣ ምን እንደሆነና ለምን እንደሚደረብ ሁለት መስመር ጻፉላቸው።

ያረፈ ሰው ከሆነ ቤተሰቡ ሳይፈቅድ ምንም አትጀምሩ። አርባው ሳይወጣም አትሂዱባቸው። ብዙ ጊዜ የሚመቸው ሙት ዓመቱ ነው። ቤተሰቡ ትንሽ ተንፍሷል፤ «በስሙ ምን ይደረግ» የሚለውንም ራሳቸው ማሰብ የሚጀምሩት ያኔ ነው።

የክብሩ ዓይነት

ሕንጻ መሰየም የሚወሰነው በኮሌጁ ቦርድ ነው። ጊዜ ይፈጃል፣ ብዙ ጊዜም ትልቅ ገንዘብ ይጠይቃል። ቱቶሪንግ ክፍል፣ የጥናት ክፍል፣ ትንሽ ላብ መሰየም ግን ሊቻል ይችላል። ለኮሌጁ ስጦታ ወደሚያሰባስበው ድርጅት፣ ወደ ኮሌጁ ፋውንዴሽን፣ ደውላችሁ በስም የሚሰየሙ ቦታዎችና ዋጋቸው ዝርዝር ካለ ጠይቁ። ስትስማሙም አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ ሕንጻው ቢታደስ ወይም ቢፈርስ ሰሌዳው ምን ይሆናል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን። የተነቀለ ሰሌዳ መጋዘን ውስጥ ማንም አያየውም።

ለረጅም ዓመት ላስተማረ ሰው ደግሞ የኢመሪተስ ማዕረግ አለ፤ ጡረታ ለወጣ አስተማሪ የሚሰጥ የክብር ስም ነው። ገንዘብ አይጠይቅም። ብዙ ጊዜ ጥያቄው የሚነሳው ከዲፓርትመንቱ ስለሆነ አንድ የሥራ ባልደረባዋን አግኙና ያሰባሰባችሁትን ምስክርነት ስጡት። ዛፍና አግዳሚ ወንበርም አለ። ደስ ይላል፣ በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም።

እኔ የማደላው ለስኮላርሺፕ ነው። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ በየዓመቱ አንድ የማያውቃት ተማሪ ስሟን ጽፎ ያመለክታል።

ገንዘቡን እንዴት ታደርጉታላችሁ

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ዘላቂ ፈንድ ነው። ዋናው ገንዘብ አይነካም፤ ኢንቨስት ይደረግና በየዓመቱ ከመቶ አራት ወይም አምስት ያህሉ ብቻ ይወጣል። 25,000 ዶላር ካስቀመጣችሁ በ4 ከመቶ ሒሳብ በዓመት 1,000 ዶላር ለተማሪ ይደርሳል ማለት ነው። ሁለተኛው በየዓመቱ እየሰበሰባችሁ በየዓመቱ የምትሰጡት ነው። ቶሎ ይጀመራል፣ ግን እናንተ ስትደክሙ አብሮ ይቆማል። ለዘላቂ ፈንድ የሚጠየቀው ዝቅተኛ መጠን ከኮሌጅ ኮሌጅ ስለሚለያይ አስቀድማችሁ እወቁት።

25,000 ሲባል አትደንግጡ። 25 ሰው በወር 20 ዶላር ቢያዋጣ በዓመት 6,000 ነው። በአራት ዓመት 24,000 ይደርሳል፤ የቀረችውን አንድ ሺህ ከእራት ምሽቱ ታገኛላችሁ። ብዙ ፋውንዴሽኖች ገንዘቡ በጥቂት ዓመታት ተከፋፍሎ እንዲገባ ቃል መግባትን ይቀበላሉ። ዕቁብ ለለመደ ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፤ ልዩነቱ እጣ የሚወጣለት አለመኖሩ ብቻ ነው።

ገንዘቡ ግን የማንም የግል ዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ላይ አይግባ። ሰብሳቢው መልአክ ቢሆንም አይግባ። ሁሉም በቀጥታ ለኮሌጁ ፋውንዴሽን ይክፈል። ያኔ ደረሰኝ አለ፣ ሐሜት የለም። በዚያ ላይ ከታክስ የሚቀነሰው ለእንደዚህ ያለ ድርጅት የተሰጠ ገንዘብ ነው፤ በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሰጣችሁ ደግሞ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልጋችኋል። መሥሪያ ቤታችሁ እናንተ የሰጣችሁትን ያህል የሚጨምር ከሆነም የሚጨምረው ለታወቀ ድርጅት ነው፣ ለጓደኛችሁ አካውንት አይደለም። ይሄንን ጠይቁ፣ በተለይ ትልልቅ ሆስፒታልና ቴክ ኩባንያ የምትሠሩ።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ሰው ሲሰማቸው ቅር የሚሉት ናቸው። አንደኛ፣ ተሸላሚውን ተማሪ እናንተ አትመርጡም። መስፈርቱን ከፋውንዴሽኑ ጋር ትጽፋላችሁ፣ የሚመርጠው ግን ኮሌጁ ነው። የአጎታችሁን ልጅ አስባችሁ ከሆነ ሌላ መንገድ ፈልጉ። ሁለተኛ፣ «ለኢትዮጵያውያን ብቻ» ብላችሁ መጻፍ ችግር ያመጣል። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በትውልድ አገር ሰውን መለየት አይችልም። ይልቅ ሰውዬዋ የረዳችው ምን ዓይነት ተማሪ እንደነበረ አስቡ። ከኢኤስኤል ጀምሮ ኮሌጅ የገባ፣ እየሠራ ማታ የሚማር፣ ከቤተሰቡ የመጀመሪያው የኮሌጅ ተማሪ የሆነ። መስፈርቱን እንዲህ ስትጽፉት የኛም ልጆች ይገኙበታል፣ የሌላውም አገር ልጅ ይገኝበታል፤ እሷም ያስተማረችው ሁሉንም ነበር።

ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ የመጽሐፍ ወይም የድንገተኛ ችግር ፈንድ አስቡ። መኪናው ተበላሽቶ ክፍል የቀረ ተማሪን 300 ዶላር ሴሚስተሩን ልታድንለት ትችላለች።

አሁን ወደ ክትፎው

ምሽቱን ካምፓስ ውስጥ ካደረጋችሁት ይደምቃል፤ የድሮ ባልደረቦቿም ይመጣሉ። ግን አስቀድማችሁ አጣሩ። ብዙ ኮሌጅ ከአንድ ምግብ አቅራቢ ጋር ውል ስላለው የውጭ ምግብ ያለፈቃድ አይገባም። ቡና ማፍላት ከፈለጋችሁ ከሰሉን እርሱት፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያዙ። ዕጣኑን ደግሞ የሕንጻ ክፍሉን ሳትጠይቁ አታጭሱ። የጢስ ጠቋሚው ቢጮህ ሕንጻው በሙሉ ባዶ ይሆናል፤ ክብር እንግዳዋ በሀበሻ ቀሚስ ፓርኪንግ ላይ ቆማ የእሳት አደጋ መኪና ትጠብቃለች።

ንግግር አሳጥሩ። ይሄን በመለመን ነው የምጽፈው። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ምክትል ሰብሳቢው፣ የክብር አባሉ፣ ስፖንሰሩ እያለ ሲሄድ ሴትዮዋ ሳትናገር ምሽቱ ያልፋል። ሦስት የቀድሞ ተማሪ በቂ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ። ከተለያየ ዘመን ምረጧቸው፤ አንዱ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቿ፣ አንዱ ከመጨረሻዎቹ። የቀረው ጊዜ የእሷ ነው። ቋንቋውም እንግሊዝኛ ይሁን፣ ወይ ሁለቱም። ክብር እንግዳዋ አማርኛ የማትሰማ ከሆነ ስለ ራሷ ሲወራ አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው «ምን አሉ?» እያለች ማምሸት የለባትም። ካባውን ወይ ጋቢውን የሚደርብላት ደግሞ ያስተማረችው ሰው ይሁን፣ ስፖንሰሩ አይሁን።

ምስክርነቶቹን በአንድ ላይ አድርጋችሁ አሳትሙና ስጧት። አንድ ቅጂ ለኮሌጁ ላይብረሪም ስጡ፣ የኮሌጁን ታሪክ የሚያስቀምጡ ከሆነ ይቀበሏችኋል።

ከምሽቱ በኋላ ግሩፑ ዝም ይላል፣ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከመበተናችሁ በፊት ሁለት ሰው መድቡ። ከፋውንዴሽኑ በዓመት አንዴ የፈንዱን ሪፖርት ይቀበላሉ፤ ተሸላሚው የምስጋና ደብዳቤ ከጻፈም ለእሷ ወይም ለቤተሰቧ ያደርሳሉ። የተመዘገበው ኢሜይል የአንድ ሰው የግል ኢሜይል ባይሆን ይሻላል። ሰው ስቴት ይቀይራል፣ ፓስወርድ ይጠፋል። ለዚህ ብቻ የሚሆን አዲስ ኢሜይል ክፈቱና ሁለቱም ይግቡበት።