ጉልበቱን የሚያመው ሰው ክብደት እንዴት ይቀንስ?

በደብረ ማርቆስም ሆነ በሞጣ፣ ክብደቱ የጨመረና ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ክብደት ቀንስ» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን አሠራሩ ሳይብራራ ስለሚቀር፣ ታማሚው በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ዳገት ቁልቁለቱን ይያያዘዋል፤ ብዙም ሳይቆይ ጉልበቱ ያብጥና አልጋ ላይ ይውላል፤ ከዚያ በኋላ ስፖርት ለእርሱ የማይሆን ነገር መስሎት ጨርሶ ይተወዋል። ይህ እንዳይሆን ቅደም ተከተሉን ማወቅ ያስፈልጋል። ክብደት በዋናነት የሚቀነሰው ከገበታ ላይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅስቃሴ ደግሞ ጉልበትን ደግፈው የሚይዙትን የጭን ጡንቻዎች ለማጠንከር የሚውል ነው፤ ረጅም የእግር ጉዞ የሚመጣው ከሁለቱ በኋላ ነው።

ሰው ሲራመድ በጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነቱ ክብደት ይበልጣል፤ ቁልቁለትና ደረጃ ሲወርድ ከዚያም ይብሳል። የጉልበት አንጓቸው በተጎዳ ወፍራም ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሰውነት አንድ ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ቢቀንስ ጉልበቱ በየእርምጃው 20 ኪሎ ገደማ ይቀልለታል ማለት ነው። ከሰውነት ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ሕመሙን በሚታወቅ ደረጃ ያስታግሳልና ግቡን እዚያ ላይ ማድረግ ይበቃል፤ በወጣትነት ዘመን ወደነበረው ኪሎ ለመመለስ መጣደፍ አያስፈልግም።

ከመጀመርዎ በፊት ግን የሕመሙን ዓይነት ይለዩ። ጉልበቱ በድንገት ያበጠ፣ የቀላና የሚያቃጥል ከሆነ፣ ትኩሳት ካለ፣ ከወደቁ በኋላ እግርዎ መቆም ካልቻለ፣ አንጓው ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ ወይም ባትዎ አብጦ ከታመመ፣ ጉዳዩ የክብደት ብቻ ላይሆን ስለሚችል በቶሎ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። በእኛ አገር እንዲህ ያለውን ጉልበት መጀመሪያ ለወጌሻ ማሳየት የተለመደ ነው፤ ሆኖም ያበጠና የጋለ አንጓ ታሽቶና ተጎትቶ ከሚደርስበት ጉዳት አስቀድሞ መታየቱ እጅግ ይሻላል። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ምግብ ከመቀነሳቸው በፊት የመድኃኒቱን መጠን ከሐኪማቸው ጋር መነጋገር አለባቸው፤ አለዚያ ስኳራቸው ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል።

አሁን ወደ ገበታው እንምጣ። በጎጃም ቤት ምግብ የሚበላው ከአንድ ትሪ ላይ አብሮ ነው፤ ይህ ፍቅር ያለበት አበላል ቢሆንም አንድ ሰው ምን ያህል እንደበላ ለማወቅ አያስችልም። እንጀራው ከትሪው ላይ ሲያልቅ ይጨመራል፣ ወጡ ይደገማል፣ ጉርሻው አለ፣ እምቢ ሲሉ ደግሞ «በሞቴ» ይከተላል። ከማዕዱ መለየት አያስፈልግም፤ መብላት ከመጀመርዎ በፊት ድርሻዎን፣ ለምሳሌ አንድ እንጀራ፣ በፊትዎ ባለው የትሪው ጠርዝ ላይ አጥፈው ያስቀምጡና ከዚያ ብቻ ይቁረሱ። እርሱ ሲያልቅ ምግቡ አልቋል። ቤተሰቡ ምክንያቱን አስቀድሞ ካወቀ ጉርሻው በቅያሜ ሳይሆን በመግባባት ይቀራል፤ በእኔ እምነት ይህን አንድ ነገር በጽናት የያዘ ሰው ከአመጋገብ ሥራው ትልቁን ክፍል ፈጽሟል።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው የዘይትና የቅቤ ጉዳይ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከኑግም ይጨመቅ ከሌላ ፍሬ፣ 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይይዛል፤ በጾም ወጥ ላይ ደግሞ ዘይቱ ብዙ ጊዜ ሳይለካ ነው የሚንቆረቆረው። ብዙዎች በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ክብደት እንቀንሳለን ብለው ጠብቀው በትንሣኤ ማግስት ያው ሆነው የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሥጋውና ቅቤው ቢቀርም በምትኩ ዘይት የበዛበት ሽሮ፣ ዳቦና ፓስታ ይገባል፣ ከረጅም ሰዓት ጾም በኋላም በአንድ ጊዜ ብዙ ይበላል። ድንች ወጥ በእንጀራም ቢሆን ድንቹም እንጀራውም ኃይል ሰጪ ስለሆኑ፣ ድንቹን በጎመን ወይም በምስር መተካት ይበጃል። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር ግን አይቀነሱ፤ ክብደት በሚቀንስበት ጊዜ ጡንቻ እንዳይከሳ የሚያደርጉት እነዚህ ናቸውና እልበቱም ስልጆውም ዘይቱ ተቆጥቦ ይቀጥል። ጠላና አረቄ ራሳቸውን የቻሉ የካሎሪ ምንጮች ስለሆኑ በማኅበርና በዝክር ቀን በመጠን ይሁኑ፤ በሻይና በቡና የሚገባውን ስኳርም በየሳምንቱ እየቀነሱ መሄድ ይቻላል።

ወደ ጭኑ ስንመጣ፣ ሥራው ቤት ውስጥ የሚሠራ ሲሆን ምንም ዕቃ አይጠይቅም። በመጀመሪያ በአልጋ ወይም በመደብ ላይ እግርዎን ዘርግተው ይቀመጡ፤ የተጠቀለለ ፎጣ ወይም ነጠላ ከጉልበትዎ ሥር ያድርጉና ጉልበትዎን ወደ ታች ተጭነው የጭንዎን የፊት ጡንቻ ያጠንክሩ፤ እስከ አምስት ቆጥረው ይልቀቁ፤ ይህን አሥር ጊዜ ይደጋግሙት። ሲለምዱት ተንጋልለው ይተኙ፣ አንዱን ጉልበት አጥፈው ሌላውን እግር ቀጥ እንዳለ ከአንድ ስንዝር ጥቂት ከፍ አድርገው ያንሡት፣ እንደገና እስከ አምስት ቆጥረው ቀስ ብለው ያውርዱት።

ዋናው ግን ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ነው። ከፍ ያለ ወንበር በግድግዳ ያስደግፉ፤ ዝቅ ካለ የታጠፈ ጋቢ ያንጥፉበት። እግርዎን በዳሌዎ ስፋት ልክ ከፍተው ተረከዝዎን ወደ ወንበሩ ይሰብስቡ፤ አፍንጫዎ ከእግር ጣቶችዎ በላይ እስኪመጣ ድረስ ወደፊት ዘንበል ይበሉና ይነሡ። ሲነሡ ጉልበቶችዎ ወደ ውስጥ እንዳይገናኙ ይጠንቀቁ። ሲቀመጡ ዘፍ አይበሉ፤ እስከ ሦስት እየቆጠሩ በዝግታ ይውረዱ፤ ጡንቻውን በደንብ የሚሠራው ይህ የመውረጃው ክፍል ነው። መጀመሪያ ላይ በእጅዎ ቢደገፉ ነውር የለውም፣ በአምስት ጀምረው እስከ አሥር ያድርሱት። ሲሠሩ ቀለል ያለ ሕመም መሰማቱ ጉዳት አይደለም፤ ሚዛኑ ማግስቱ ነው። ሕመሙ እስከሚቀጥለው ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ ይቀጥሉ፤ ካየለ ወይም ካሳበጠ ቁጥሩን በግማሽ ይቀንሱ እንጂ አያቋርጡ።

መንገድ ሲጀምሩ ደልዳላውን ይምረጡ። በባሕር ዳር ይህ ቀላል ነው፤ ከተማዋ ሜዳ ከመሆኗም በላይ ብስክሌት የነዋሪው ልማድ ስለሆነ ለታመመ ጉልበት ከእግር ጉዞ ይልቅ ብስክሌት ሊመረጥ ይችላል፤ ብቻ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትዎ ለመዘርጋት ጥቂት ብቻ እንዲቀረው ኮርቻው ከፍ ይበል፣ ዝቅ ያለ ኮርቻ ጉልበትን ያሳምማልና። ዳገታማ ቦታ የሚኖሩ ሰዎች ደልዳላ ሜዳ ፈልገው በቀን ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ ቢራመዱ፣ አንድ ጊዜ ዳገት ወጥቶ ከመውረድ ይሻላቸዋል። ከዘራ ወይም ምርኩዝ የሚይዙት ከሚያመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው፤ ብዙ ሰው ግን በሚያመው በኩል ይይዘዋል። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የሚያመው።

በቤት ውስጥ ጉልበትን ከሁሉ የሚጎዳው ዝቅ ብሎ መቀመጥ ነው። ቡና የምታፈላ እናት ረከቦቱንና ምድጃውን ከፍ ባለ ነገር ላይ አድርጋ በወንበር ብትቀመጥ የቡናው ሥርዓት አይጓደልም፤ ምጣዱም ቆመው እንዲጋግሩበት ከፍ ቢል እንዲሁ። ስግደትን በተመለከተ ለንስሐ አባትዎ ሕመምዎን ይንገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን የምታደርገው አስተያየት ስላለ ጉልበትን እስኪያብጥ ማስገደድ አይገባም።

ጉልበቱ ሲያብጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር፣ ጠዋት ሲደርቅና አልታጠፍ ሲል ሞቅ ያለ ፎጣ፣ ለ15 ደቂቃ ያህል መያዝ ያስታግሳል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን ከፋርማሲ እየገዙ ለወራት መዋጥ ግን ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይንካቸው።

ክብደትዎን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት ከቁርስ በፊት ይመዘኑ፤ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ጤናማ ነው። ሚዛን በአቅራቢያዎ ከሌለ ወገብዎን በእምብርትዎ ትይዩ በክር ለክተው ክሩን ቋጥረው ያስቀምጡ፣ በየወሩም በዚያው ክር ይለኩ። ሁለት ሦስት ወር በዚህ መልክ ሠርተው ክብደቱ ቀንሶ ሕመሙ ካልቀነሰ፣ የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ይዘው ወደ ሆስፒታል ይሂዱና በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንዲታዩ ይጠይቁ።