አሜሪካ ውስጥ ለሰንበት ጸሎት ምኩራብ ሲጋበዙ

መጀመሪያ የምኩራቡን ድረ ገጽ ከፍተው የትኛው የአይሁድ እምነት ወገን እንደሆነ ይዩ። ስሙ ያሳስታል፦ «ኦርቶዶክስ» ሲባል ከተዋሕዶ ጋር አይገናኝም፤ «ኮንሰርቫቲቭ»ም የፖለቲካ ስም ሳይሆን ሕግ አጥባቂ በሆነው ኦርቶዶክስና ለዘብተኛ በሆነው ሪፎርም መካከል ያለው ወገን ነው።

ኦርቶዶክስ ከሆነ ወንድና ሴት በመጋረጃ ወይም በአጥር ተለይተው ይቀመጣሉ። ሴቶች ጉልበትና ክርን የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ። ብዙ እንግዳ የሚሳሳተው በመኪና ነው። ሰንበት ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል፤ በሰንበት እሳት ማንደድ ክልክል ነው፣ ሞተር ማስነሳትም እንደዚያው ይቆጠራል። ሕጉ አይሁዳዊ ያልሆነን እንግዳ ባይመለከትም፣ መኪናውን ራቅ አድርጎ አቁሞ በእግር መምጣት ጨዋነት ነው። ስልክ ከኪስ አይውጣ። ስጦታ ካለ ከዓርብ በፊት ይድረስ።

ኮንሰርቫቲቮች በ1950 እ.ኤ.አ. ወደ ምኩራብ ለመምጣት ብቻ መንዳትን የፈቀደ ውሳኔ አሳልፈዋል። ወንድና ሴት አብረው ይቀመጣሉ። ወንዶች ኪፓ (አናት ላይ የሚደረግ ትንሽ ክብ ቆብ) ያደርጋሉ፤ ከሌለዎት በር ላይ ካለው ሣጥን ያንሱ።

ሪፎርም ዘንድ ጊታርም እንግሊዝኛም ቢሰሙ አይደነቁ፤ ሴት ረቢ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አላቸው። ኪፓ ማድረግ በፈቃድ ነው።

መስቀል ካደረጉ ከልብስ ሥር ያስገቡት።