«በቃኝ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? የውጭ እንግዳን በሐረር ቤት ለሚያስተናግዱ

በእኛ አገር «ጠግቤያለሁ» የሚል እንግዳ በመጀመሪያው ቃሉ አይታመንም። ጋባዡ «በሞቴ» ይላል፣ እንግዳው ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በሦስተኛው እጁን ይዘረጋል፤ ሁለቱም የእምቢታውን ትርጉም ስለሚያውቁት የሚቀየም የለም። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ግን ወደ ሐረር ቤቶች ጎራ የሚለው ሰው ከልዩ ልዩ አገር የሚመጣ በመሆኑ፣ እንግዳ ተቀባይ ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባው እምቢታን ከእምቢታ መለየት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከቀጠሮው እንጀምር። የምሳ ግብዣ «በ7 ሰዓት» ብሎ መንገር አይበቃም፤ በእንግዳው ሰዓት 1 መሆኑን አብሮ መግለጽ ያስፈልጋል። ጀርመናዊ ከሆነ ደግሞ በደቂቃው ስለሚደርስ፣ ወጡ ገና እሳት ላይ እያለ በሩ ቢንኳኳ መደንገጥ አይገባም።

ጃፓናዊ ጫማውን ሳይነገረው በደጃፍ ያወልቃል፤ አውሮፓዊ ግን ብዙ ጊዜ ስለሚያመነታ፣ ቀድመውት አውልቀው ቢያሳዩት ይቀለዋል። በሐረሪ ቤት መቀመጫው በደረጃ የተለየ ስለሆነ፣ የአባወራውና የአዛውንት ስፍራ በሆነው አሚር ነደባ ላይ ሳያውቅ ወጥቶ እንዳያፍር የሚቀመጥበትን በእጅ ማመልከት የቤቱ ሰው ድርሻ ነው። ከታይላንድ ወይም ከዐረብ አገር የመጣ ሰው ፊት እግርን ዘርግቶ የውስጥ እግርን ወደ እርሱ ማዞር ንቀት ይመስላልና እግርን አጥፎ መቀመጥ ይመረጣል።

ዋናው ጉዳይ ያለው ከማዕዱ ላይ ነው። ሆላንዳዊ ወይም ጀርመናዊ «አመሰግናለሁ፣ በቃኝ» ካለ በቅቶታል፤ ደጋግሞ መለመን ቃሉን አለማመን ይሆንበታል። እንዲሁም ገና ሲጠየቅ ወዲያው «አዎ» ቢል ከስግብግብነት ሊቆጠርበት አይገባም። ኢራናዊ እንግዳ ግን ለእኛ ቅርብ ነው፤ «ታሮፍ» በሚባለው ወጋቸው መሠረት የቀረበለትን መጀመሪያ ይመልሳል፣ ጋባዡም እንዲደግምለት ይጠብቃል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከልብ መጋበዝ፣ ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛ መድገም፣ ከዚያ በኋላ ምግቡን እንግዳው ራሱ ሊያነሣው በሚችልበት ቦታ ትቶ ጨዋታ መቀጠል ለሁሉም የሚስማማ መንገድ ነው።

ሳህንም ይናገራል፤ የሚናገረው ግን በየአገሩ ቋንቋ ነው። በቻይና የቆየ ልማድ ጥቂት ማስተረፍ መጥገብን ያመለክታል፣ በጃፓን ግን የቀረበን ማስተረፍ እንደ ብክነት ይታያል። እናቴ ባዶ ሳህን ማየት የማይሆንላት ሴት ነበረችና አንዲት ጃፓናዊት ጠርጋ በበላች ቁጥር ትጨምርላት፣ ልጅቷም በተጨመረላት ቁጥር ትጨርስ ነበር። በመጨረሻ ያስታረቃቸው የድስቱ ማለቅ ነው።

ጉርሻ ከመስጠት በፊት እጅን አቅርቦ በዐይን መጠየቅ ይበጃል። በብዙ ሂንዱዎች ዘንድ የሌላ ሰው አፍ የነካው ምግብ «ጁታ» ይባላል፣ አይበላምም፤ በአንድ ትሪ መብላት የከበደው ሰው ካለ ያለ ማብራሪያ ለብቻው ሳህን ማቅረብ ነው። የበሬ ሥጋ የማይበላውን ሂንዱ የጾም ወጥ ያድነዋል። ሃይማኖቱን አጥብቆ የሚይዝ የጃይን ተከታይ ከሆነ ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጭምር ስለማይበላ፣ የእኛ የጾም ወጥ አያዋጣም፤ ያለ ሽንኩርት የተሠራ ምግብ እንዲኖር አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ከባዕድ የምንማረው ነገር የለም፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ለሠርግ ሲጠራራ ለየእምነቱ ሥጋ ለብቻ ይታረዳል፣ ማንም ሌላውን «በሞቴ ቅመስ» ብሎ አያስጨንቅም። ያንኑ ጥንቃቄ ለፈረንጁም ማዋል ነው።

ቡና ሲደርስ እኛ ሲኒውን እስከ አፉ እንሞላለን። በባሕረ ሰላጤው ዐረቦች ዘንድ ግን ቡና የሚቀዳው ከፊንጃኑ በታች በኩል ጥቂት ብቻ ነው፤ የተሞላ ፊንጃን «ጠጥተህ ሂድ» እንደማለት ይቆጠራል። የሳዑዲ ወይም የኤሚሬትስ ሰው ሲመጣ ጎደል አድርጎ መቅዳት፣ በቀኝ እጅም መስጠት ተገቢ ነው። እንግዳው ፊንጃኑን ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርጎ ከመለሰ በቅቶታልና ድጋሚ አይቀዳለትም፤ ያለ ንቅናቄ ከመለሰው ግን ተጨማሪ ይፈልጋል ማለት ነው። ለሌሎቹ እንግዶች አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚባል ነገር መኖሩን ጀበናው ከመጣዱ በፊት መንገር ይሻላል፤ አለበለዚያ አቦሉን ጠጥተው፣ አመስግነው፣ ጫማቸውን ሊያጠልቁ ይነሣሉ።